አያቶች የልጅ ልጅ ሲያሳድጉ ጣሪያው የማን ኃላፊነት ነው?



  

የዛሬውን ርዕስ ያስመረጡን አንዲት እናት ናቸው። በገርጂ በኩል ባለ አንድ መስጂድ የዐሱር ሰላት አብቅቶ ስንወጣ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ እኚህ እናት ከሴቶች በር አጠገብ ቆመው ጠበቁን። ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እጃቸውን ይዛለች። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ "ኡስታዝ፣ ሁለቱን ወንዶች እስከ ዒሻ ድረስ እዚሁ መስጂድ ያቆዩልኝ" አሉን። ቁርኣን እንዲቀሩላቸው የፈለጉ መስሎን "እማማ፣ የሕፃናቱ ቂርኣት እኮ መግሪብ ላይ ያበቃል" አልናቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ግን እውነቱን ነገሩን። ቤቱን ሲከራዩ "ያለችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት" ብለው ነበር። የሚያሳድጓቸው የልጅ ልጆች ግን ሦስት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች አከራይዋ እስክትተኛ ወደ ግቢው አይገቡም፤ ጠዋትም ከሱብሒ አዛን ጋር ይወጣሉ። ነገሩ ሦስተኛ ወሩን ይዟል።

ስለ መዋሸት ልንመክራቸው አፋችንን ከፍተን ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ሳንናገር ዘጋነው። ከሳቸው በፊት አራት ቦታ ጠይቀው፣ በአራቱም "ልጅ ይበዛል፤ ውኃ ይጨርሳል፤ ሽንት ቤቱን ያበላሻል" ተብለው መመለሳቸውን የሰማነው ኋላ ነው። እንዲህ ብለው ከመለሷቸው መካከል በጁሙዓ ሰፍ ከኛ ኋላ የሚቆሙ ሰዎች እንዳሉበት ስናውቅ ደግሞ፣ ምክሩ የሚገባው ለማን እንደሆነ ግልጽ ሆነልን።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ይህ የአንዲት እናት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከቦሌ ሚካኤል እስከ ጎሮ፣ ከላም በረት እስከ አያትና አራብሳ ድረስ ቤት ለቤት ብንዞር፣ ዳግም እናትና አባት የሆኑ አያቶችን በየሰፈሩ እናገኛለን። ያመጣቸው ምክንያት እንደ ዘመኑ ይለያያል። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ኤድስ ወጣት እናቶችንና አባቶችን ከየቤቱ ሲያነሳ፣ የቀሩትን ሕፃናት የተቀበሉት በአብዛኛው አያቶች ነበሩ። ያኔ በአያቶቻቸው እቅፍ ያደጉት ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል፤ ብዙዎቹም አያታቸውን ቀብረዋል። ከዚያ የዓረብ አገር ጉዞ መጣ። ሴት ልጅ የስድስት ወር ሕፃን ለእናቷ ትታ ወደ ጂዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤይሩት ትሄዳለች። "ለሁለት ዓመት ብቻ" ትላለች፤ ሁለቱ ዓመት ስምንት ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ቦሌ አየር ማረፊያ የወረደች እናት የገዛ ልጇ ሳያውቃት ቀርቶ ከአያቱ ጀርባ ሲደበቅ ያየነው በዓይናችን ነው። በፍቺ፣ በጦርነትና በመፈናቀል ሰበብ አያቶች ደጅ የደረሱ ልጆችም አሉ።

ከነዚህ ልጆች መካከል በሸሪዓ ቋንቋ የቲም የሚባለው አባቱ የሞተበትና ለአካለ መጠን ያልደረሰው ነው። እናቱ ሪያድ ያለች፣ አባቱ ደግሞ የት እንደገባ የማይታወቅ ልጅ በስም የቲም አይደለም። በዚህም የተነሳ ለየቲም ተብሎ ከሚሰጠው እርዳታ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ረሀቡ ግን ያው ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን መዝገብ ሲያዘጋጁ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

አያት ማሳደጉ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸውን ያጡት ሳይወለዱ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና ከመዲና በመመለስ ላይ ሳሉ አብዋእ በተባለ ስፍራ አረፉ። ከዚያ በረሃ ሕፃኑን ይዘው መካ ለአያታቸው ለዐብዱልሙጦሊብ ያስረከቡት የኛዋ ሐበሻዊት ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.) ናቸው። ዐብዱልሙጦሊብ የቁረይሽ ታላቅ ሰው ነበሩ። በከዕባ ጥላ ሥር በሚነጠፍላቸው ምንጣፍ ላይ ልጆቻቸው እንኳ ለክብራቸው ሲሉ አይቀመጡም። ያ ትንሽ የልጅ ልጅ ግን መጥቶ ይቀመጥ ነበር፤ አጎቶቹ ሊያነሱት ሲሞክሩም አያትየው ከልክለው ከጎናቸው አስቀመጡት። ሁለት ዓመት ያህል እንዳሳደጓቸው ሞት መጣ። አንድ ነገር ልብ እንድንል እንፈልጋለን፦ ዐብዱልሙጦሊብ የሞቱት ልጁን ለአቡ ጧሊብ አደራ ብለው፣ ከርሳቸው በኋላ ማን እንደሚይዘው ወስነው ነው። ለዕድል አልተዉትም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ጣሪያው እንግባ። በከተማችን የአያቶች መኖሪያ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የቀበሌ ቤት፣ የግለሰብ ኪራይ ወይም ኮንዶሚኒየም።

የቀበሌ ቤት የመጣው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። ኪራዩ ትንሽ በመሆኑ ለብዙ አረጋውያን ትልቅ መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ቤቱ የመንግሥት እንጂ የአያትየው አይደለም፤ ለልጅ ልጅ በወሲያ ሊተላለፍ አይችልም። ተከራይዋ አያት ሲሞቱ ሕፃናቱ መቆየት አለመቆየታቸው የሚወሰነው በመመሪያና ወረዳው በሚይዘው ማኅደር ነው። ስለዚህ የልጅ ልጆቻችሁ ስም በቤተሰብ ቅጹ ላይ መስፈሩን በሕይወት ሳላችሁ ወረዳ ሄዳችሁ አረጋግጡ። "ሰው ሁሉ ያውቀናል" ማለት አያዋጣም፤ የሚያውቀን ጎረቤት በመልሶ ማልማቱ ተነስቶ ሌላ ሰፈር ገብቷል። በቅርብ ዓመታት፣ በተለይም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ሰው ቦታ ሲለቅ፣ ምትክ ቤት የማግኘት ጉዳይ በወረቀት የሚታይ መሆኑን ሁላችንም አይተናል። ምትክ ቤት ያገኘች አያት እንኳ ሌላ ነገር ይጎድልባታል። ልጆቹን ለአንድ ሰዓት የምትይዝላት ጎረቤት፣ ዱቤ የሚሰጣት ባለሱቅ፣ ዕድሯና የሕፃናቱ መድረሳ የቀሩት ከወጣችበት ሰፈር ነው። አዲስ መንደር የደረሱ ጀማዓዎች በመጀመሪያው ወር ማን ከልጅ ልጅ ጋር እንደመጣ ቢጠይቁ ግማሹን ሸክም ያነሳሉ።

ኮንዶሚኒየምን በተመለከተ ምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል የበዛበት ነው። የሙከራው ግንባታ የተሠራው እዚሁ ገርጂ ነው፤ ከዚያ ጎሮ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ አራብሳ ተከተሉ። ዕጣ የወጣላቸው አያቶች አልሐምዱሊላህ ብለው ገብተዋል። ችግሩ ዕጣው ዕድሜ አለማየቱ ነው። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው፣ ጉልበታቸው የታመመ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን የሚያስወጡት የአሥር ዓመት ልጅ ልከው የሆነ እናት በሰሚት እናውቃለን። ልጁ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ የትምህርቱን ነገር አትጠይቁን። በአንድ ብሎክ ግን ያስደሰተን ነገር አየን። ምድር ቤት የሚኖር አንድ ወጣት ባለትዳር ከአያትየው ጋር በውል ቤት ተለዋወጠ። ሁለቱም የቤታቸው ባለቤት ሆነው ቀሩ፤ መኖሪያ ብቻ ተቀያየሩ። አንዲት ሳንቲም አልወጣም።

ከሁሉ የከፋው የግለሰብ ኪራይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። አያቶቻችን ይህን አያውቁም፤ "ነገ ውጡ" ሲባሉ ነገ ይወጣሉ። ልጆቻችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ ያንብቡላቸው። ይሁንና አዋጁ "ልጅ ላለው አላከራይም" የሚል ልብን አያለሰልስም። ያ የኛ ሥራ ነው።

ለቦሌ ሰዎች አንድ ግልጽ ንግግር አለን። በብዙ ቪላዎች ጀርባ ሁለትና ሦስት ክፍል ሰርቪስ ቤት አለ። አንዱ የተሰበረ ወንበርና የዱሮ ፍሪጅ ተከማችቶበታል፤ ሌላው ተዘግቶ ዓመት ይሞላዋል። በስም የማንጠቅሳቸው አንድ ወንድማችን የእኚያን የገርጂ እናት ነገር ሲሰሙ እንዲህ ያለውን ክፍል አስጸዱ። ኪራይ አልተውም፤ ዝቅ ባለ ዋጋ የ2 ዓመት ውል ጻፉ። እኛም ይህን ከነጻው ይልቅ ወደድነው። በነጻ የገባ ሰው በየቀኑ አንገቱን ይደፋል፤ ከፍሎ የሚኖር አያት ግን የልጅ ልጆቹን ቀና ብሎ ይቆጣል። ውሉ ሲፈረም "ስንት ልጆች ናቸው?" ብለን እኛው ጠየቅን። እናታችን "ሦስት" አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር።

አሁን ዐብዱልሙጦሊብ ወዳስተማሩን ነገር እንመለስ። እዚህ ላይ ራሳችንን እንወቅሳለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮተቤ በኩል አንድ ሐጂ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ታላቅ ልጃቸው ከርሳቸው ቀድሞ ሞቶ ስለነበር የርሱን ሁለት ልጆች ሚስታቸውና እሳቸው ያሳድጉ ነበር። ከሌላው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጆች በሕይወት አሉ። ንብረቱ አንድ ግቢ ነው። ለሽምግልና እኛ ተጠራን። ድርሻውን እንደ ሸሪዓው አሰላን፦ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ የቀረው ለሁለቱ ወንዶችና ለሴቷ። የሟች ልጅ ልጆች አጎቶቻቸው በሕይወት ስላሉ አይወርሱም። ስሌቱ ትክክል ነበር። ቤቱ ተሸጠ። አያትየው ድርሻቸውን ይዘው ሁለቱን የቲሞች እየመሩ ጎሮ ኪራይ ገቡ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ወደ አራብሳ ራቁ።

የሸሪዓው ጉድለት ነው እንዳትሉ። ሸሪዓው በሩን ከፍቶት ነበር። ለማይወርስ ዘመድ እስከ ንብረት አንድ ሦስተኛ ወሲያ ማድረግ ይቻላል። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ንብረታቸውን ለመስጠት ሲያማክሩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የገደቡላቸው በሲሶ ላይ ነው። ሐጂው ሁለት መስመር ጽፈው ቢሆን ኖሮ ለሁለቱ ልጆች ከዚያ ግቢ አንድ ክፍል ይተርፍ ነበር። እኛ በየሳምንቱ ከሐጂው ጋር ሻይ ስንጠጣ፣ ልጆቹ ጉልበታቸው ላይ ሲቀመጡ እያየን፣ አንድ ቀን "ሐጂ፣ ወሲያ ጽፈዋል?" ብለን አልጠየቅንም። ሞት ማንሳት አስነወረን። ሌላም ስሕተት ሠርተናል። ሚስትየዋ ለዓመታት እንጀራ ጋግረው ሸጠው በግቢው ግንብ ውስጥ ያስገቡት ገንዘብ ነበር። ያ ውርስ አልነበረም፤ የራሳቸው ሐቅ ነበር፤ ከክፍፍሉ በፊት መለየት ነበረበት። እሳቸውም አልጠየቁም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። አሁን በሽምግልና በተቀመጥን ቁጥር መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

በሌሎች አገሮች ያሉ ሙስሊሞችም በዚህ ጉዳይ አስበውበታል። በግብፅ በ1946 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የወሲያ ሕግ፣ አያት ሳይጽፍ ቢሞት እንኳ ለቀደመ ሟች ልጅ ልጆች የወላጃቸውን ድርሻ ያህል፣ ከሲሶ ሳይበልጥ፣ እንዲሰጥ አስገድዷል። የዑለማዎች ክርክር አለበት፤ ዛሬ አንገባበትም። በኛ አገር ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ አስገዳጅ ሕግ ስለሌለ ብዕሩ ያለው በአያት እጅ ነው። ስትጽፉ ቀን አድርጉበት፤ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ እናንተም እነሱም ፈርሙበት። ሸሪዓው በሁለት ምስክር ይረካል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ስለሚጠይቅ፣ በአራት የተጻፈ በሁለቱም ዘንድ ይቆማል። ቤቱን ከመካፈል ይልቅ ልጆቹ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ እንዲኖሩበት መናዘዝም ይቻላል፤ ይህን ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ጻፉት።

አጎቶችም ስሙን። በሐነፊ መዝሀብ የመውረስ መብት ያለው የቅርብ ዘመድ የችግረኛውን ቀለብ የመሸፈን ግዴታም አለበት። ከወንድምህ ልጅ አስቀድመህ ቤቱን ስትወርስ "እኔን አይመለከተኝም" ማለት ለአኺራ የሚያስፈራ ቃል ነው።

ስለ ዘካ ብዙ ጥያቄ ይደርሰናል፤ በአጭሩ እንመልስ። ውጭ አገር ያለች ልጅ ለእናቷና ለራሷ ልጅ የምትልከው ገንዘብ ዘካ አይሆንም፤ ግዴታዋ ነው። ለሟች ወንድሟ ችግረኛ ልጅ ብትሰጥ ግን ዘካም ዝምድና መቀጠልም ነው። ጎረቤት ለእነዚህ አያቶች ዘካውን ቢሰጥ ድሃ እስከሆኑ ድረስ ቦታውን አግኝቷል። እባካችሁ በረመዷን መጨረሻ አንድ ጊዜ ከመስጠት ኪራይ በሚከፈልበት ቀን በየወሩ ብትከፋፍሉት ይጠቅማል። አያቶች የሚጨነቁት በወር መጨረሻ ነው።

ከመንግሥት በኩል ያለውንም አትተዉ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሲጀመር፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ ነበረው፤ ዛሬ በወረዳችሁ ምን እንዳለ ጠይቁ። በ2012 ዓ.ም. በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ለብዙ አያቶች የቀኑን ግማሽ ጭንቀት ወስዶላቸዋል። የጤና መድን መዋጮ መክፈል ለማይችሉ ድሆች የሚሸፈንበት አሠራርም አለ። የሞተው ወላጅ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ከሆነ ለልጆቹ የሚገባ ጡረታ ሊኖር ይችላል፤ ስንቱ ሳይጠየቅ ቀርቷል!

ለዚህ ሁሉ ቁልፉ ሞግዚትነት ነው። በአራቱም መዝሀቦች ከእናት ቀጥሎ ልጅ የመያዝ ቅድሚያ ያላት የእናት እናት ናት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጆች በሌሉበትና በኑዛዜ የተሾመ ሰው ከሌለ ለሞግዚትነት መጀመሪያ የሚያየው አያቶችን ነው። ሕጉ መብቱን ቢሰጥም፣ ቢሮዎች የሚጠይቁት የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች፣ ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ፣ የሞግዚትነትን ጉዳይ ያያሉ። እናት በሕይወት ኖራ ውጭ ከሆነች ደግሞ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ትላክ። ውጭ ያላችሁ እህቶች ይህን በስልክም ሆነ በሌላ መንገድ የምትሰሙ ከሆነ፣ ከሚቀጥለው ገንዘብ በፊት ውክልናውን ላኩ።

የገርጂዋን እናት ነገር ጀምረን መተው አንወድም። ሁለቱ ወንዶች የቲሞች ናቸው፤ የሞግዚትነት ማስረጃቸው ወጥቷል፤ አሁን በመግሪብ ሰዓት ቤታቸው ይገባሉ። ትንሿ ልጅ ግን እናቷ ሪያድ ናት፤ የልደት ምስክር ወረቀት የላትም፤ አንደኛ ክፍል ልትመዘገብ መስከረም እየቀረበ ነው። እናትየው የምትሠራበት ቤት ቆንስላ ለመሄድ ፈቃድ አልሰጣትም። ሪያድ ያለ፣ ቤተሰቡም ሪያድ የሆነ፣ ጉዳይዋን አስረድቶ ሊያደርሳት የሚችል አድማጭ ካለ በፕሮግራማችን አድራሻ ይጻፍልን። ወሲያ ለመጻፍ የምትፈልጉም በየሰፈራችሁ መስጂድ ኢማሙን ጠይቁ፤ ኢማሙ ካላነሳላችሁ እናንተ አንሱት።